የበርበሬ ቀንጣሾች ዘፈን

ትናንት አንዲት ሴትዮ በፊቴ ስታልፍ አስነጠሳት። ደጋግሞ አስነጠሳት። ጥሩ ለብሳለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛለች። እኔ እንደ ልማዴ በርበሬ ተራ መግቢያው ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፌ ተቀምጬ ነበር። «ይማርሽ» አልኳት። «እንዴት ነው እዚህ የሚቀመጡት አባባ?» አለችኝ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ። «ምነው፣ ምን ሆነ?» አልኳት። የእውነቴን ነው፣ እኔ ምንም አይሸተኝም። ሌላው ሰው አንድ ነገር ሲሸተው የድሮው ትዝ ይለዋል አሉ። እኔን የሚያስታውሰኝ የሰው ማስነጠስ ነው። ሴትዮዋ መንገዷን ሄደች፣ እኔ ግን አስካለ ትዝ አለችኝ፣ የቀበሌው አዳራሽም ትዝ አለኝ። እስቲ ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያማረ ነገር የሚፈልግ ሌላ ያንብብ። እኔ የነበረውን ነው የምጽፈው።

አስካለ ሚስቴ ናት። ናት የምለው አልተፋታንም ብዬ ነው። እሷ ኮተቤ ከእህቷ ጋር ትኖራለች፣ እኔ አማኑኤል በስተጀርባ ድሮ በገባንባት የቀበሌ ቤት አለሁ። በበዓል እንጠያየቃለን። ተጣልተን አይደለም። ሰው «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲለኝ «በርበሬ ነው» እለዋለሁ፣ ይስቃል። እኔ አልስቅም፣ አላለቅስምም። ልቤን ብዙ ነገር አይነካውም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የትኛው ዓመት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ዘመን ነው፤ ፓስቲ ከትኩስ ዘይት ወጥቶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሰጥበት፣ ጋዜጣው ከፓስቲው ጋር ተጣብቆ አብሮ የሚበላበት። ወንዱ ሰልባጅ ኮት ይለብሳል፤ የኔ ኮት ቡናማ ነበር፣ እጅጌው አጥሮኝ፣ ገበሩ ግን ሐር የመሰለ፣ የየትኛው አገር ሰው እንደለበሰው እግዜር ይወቅ። ሴቶቹ ኮንጎ ጫማ ነበር የሚያደርጉት፣ ክረምት ከበጋ ኮንጎ። ጎጃም በረንዳ ላይ ካሴት ቤቶቹ ሞንታርቧቸውን ወደ መንገዱ አውጥተው አንዱ የጎጃም፣ አንዱ የጉራጌ፣ አንዱ የኦሮሞ ዘፈን ይለቃሉ፤ ተሸካሚው ኩንታሉን ጭኖ በአንዱ ቤት ፊት በእስክስታው፣ በሌላው ፊት በጭፈራው ምት እየተራመደ ያልፋል፣ ሳያውቀው። አርብ አንዋር መስጊድ ሰጋጁ መንገዱን ሲሞላው ጋሪው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኛ ክርስቲያኖቹም ጋሪያችን ላይ ተደግፈን እናርፋለን። የሳምንቱ ትልቁ ዕረፍታችን የእስላሙ ሶላት ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ካሴት የለም፤ ልጁ ሁሉ ዘፈኑን በየጆሮው ሰክቶ ነው የሚሄደው፣ ተሸካሚውም እንደ ልቡ ይራመዳል።

እኔ የሐጂ መጋዘን ተሸካሚ ነበርኩ፣ አስካለ ደግሞ እዚያው መጋዘን ቀንጣሽ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቁጡ ግን ደግ። በርበሬ ቀንጠሳን ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሴቶቹ ሸራ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ መሐላቸው ደረቁ በርበሬ እንደ ኮረብታ ይከመራል፣ ጭራውን በጣት እየቀነጠሱ ይጥላሉ፣ ዛላውን ወደ ጎን ይሰበስባሉ። ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመውታል። እዚያ ቤት ውስጥ ረጅም ትንፋሽ መሳብ አይቻልም፤ የሳበ ሰው በደረቱ ይማራል፣ ሁለተኛ አይስብም። ስለዚህ ዘፈናቸውም አጭር አጭር ሆኖ የተቆረጠ ነበር። አስካለ ሁለት ቃል ታወጣለች፤ ከነጠላው ሥር ትንፋሿን እስክትሰበስብ ድረስ ሌሎቹ ይቀበሏታል።

«ቀዩ ነው» ትላለች አስካለ።

«ቀንጥሺው» ይላሉ።

«ጭራው ነው»

«ጣይው»

«ጆንያው»

«አይሞላ»

«ቀኑስ»

«አይመሽ»

እንዲህ እያለ ይሄዳል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ቃሉም እንደ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ሐጂ የተቆጡ ቀን ሐጂን ይጨምሩበታል፣ ሐጂም በሩ ላይ ቆመው «ሰማሁ እኮ!» ይላሉ። እኔ ኩንታል ተሸክሜ ስገባ ድምፁ ከአቧራው ቀድሞ ነበር የሚቀበለኝ። የአስካለ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ከነጠላው ሥር ሲወጣ ደግሞ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ደስ ይለኝ ነበር? ይለኝ ነበር መሰለኝ።

ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። መጀመሪያ ስትተኛ ብቻ፣ በኋላ ደረጃ ስትወጣ፣ በኋላ ቁጭ ባለችበት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጀርባዋን አዳመጠና «ከዚህ ሥራ ካልወጣሽ ይህ ደረት ብዙ አይቆይልሽም» አላት። እንዲሁ ነው የነገራት፣ አላስጌጠውም። ስንመለስ መንገድ ላይ «ሰማኸው?» አለችኝ።

«ሰማሁት።»

«እና?»

«እና ምን ይደረግ? ሌላ ምን ሥራ ታውቂያለሽ?»

«መዝፈን» አለች። ቀልዷን መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ፍስሐ የሚባለው የቀበሌው የባህል ተጠሪ መኪና ላይ ሞንታርቦ አስሮ በየገበያ ተራው የዞረው። የቀበሌው አዳራሽ ሊከፈት ነው። ይህ አዳራሽ በፊተኛው መንግሥት የኪነት ቡድን ይለማመድበት የነበረ ነው፤ ከለውጡ በኋላ ተዘግቶ ከበሮውን አይጥ በልቶት፣ መጋረጃውን ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ቀርቷል። አሁን የባህል ትርዒት ውድድር ይደረጋል፣ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ከከተማው የባህል ቡድን ገብቶ በደመወዝ ይቀጠራል ተባለ። ዘይነባ፣ የአስካለ የልብ ጓደኛ፣ አፏ አያርፍም፣ ከክቡ መሐል ብድግ ብላ «አስካለ ሰማሽ? ቁጭ ተብሎ የሚበላበት ዘፈን መጣልሽ! ሐጂ ይሰናበቱ!» አለች። ሁሉም ሳቁ። አስካለ አልሳቀችም። እጇ ላይ ያለውን ዛላ ይዛ ቀረች።

ሊመዘገቡ ሲሄዱ እኔም ተከትዬ ነበር። ፍስሐ ገና ወጣት ነው፣ ክራባት አስሯል፣ ሥራውን ይወዳል።

«የየትኛው ብሔረሰብ ጨዋታ ነው የምታቀርቡት እትዬ?» አላት።

«የበርበሬ ቀንጣሽ» አለችው።

«እሱማ ሥራው ነው። ብሔሩን ነው የምጠይቅዎት።»

«እኔ ጎጃሜ ነኝ፣ ዘይነባ ስልጤ ናት፣ እቺ ጋሞ፣ ያቺ ከወሎ፣ ያቺኛዋ የሰላሌ ኦሮሞ።»

«ዘፈኑስ የማን ነው?»

ዘይነባ ቀደመቻት። «የሐጂ ነው! እሳቸው ባይቆጡን ግማሹ አይኖርም ነበር።»

ፍስሐ ራሱ ሳቀ። ራሱን አከከና «በቃ የሥራ ዘፈን ብዬ አስገባችኋለሁ» አለ። «ታዲያ አደራ፣ የሥራ ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ባህሉ እንዲታይ። ገበሬዎቹ ሞፈርና ቀንበር ይዘው ነው የሚወጡት፣ እንሰት ፋቂዎቹም መፋቂያቸውን።» እሺ ብለን ወጣን። የኛ የሥራ ዕቃ ምንድን ነው? በርበሬ ነው። ሌላ ዕቃ የለንም። በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ሳቀብን፤ እኔ ግን እስካሁንም ጥፋት ነው አልልም። ዕቃ አምጡ አለ፣ ዕቃ አመጣን።

ሐጂ ለሁሉም አቡጀዲ አስገዝተው ቀሚስ አሰፉላቸው። በርበሬውንም ራሳቸው መረጡ። «ለመድረክ ነው፣ ቀዩን ስጧቸው» ብለው ያን ሰሞን የገባውን የማረቆ በርበሬ፣ አቧራው ገና ያልተነፋለትን፣ አስለዩ። አንድ ጆንያ ሞልቼ በጀርባዬ አዳራሹ ድረስ ተሸክሜ ወሰድኩት። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሰው መስኮት ላይ ሁሉ ተቀምጧል። ከፊት ወንበር የክብር እንግዶቹና ዳኞቹ አሉ፣ ለነሱ ተብሎ ከሱቅ በውሰት የመጡ ቬንቲሌተሮች መድረኩ ጠርዝ ላይ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አድርገው ይሽከረከራሉ። ገበሬዎቹ ሞፈራቸውን ተሸክመው ዘፈኑ፣ ተጨበጨበ። እንሰት ፋቂዎቹ ፋቁ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ የኛዎቹ ወጡ። ሸራውን ዘረጉ፣ ክብ ሠሩ፣ ነጠላቸውን ጠመጠሙ። ጆንያውን እኔ ነኝ ያፈሰስኩላቸው።

አስካለ «ቀዩ ነው» ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ዘፈን ሰምተው አያውቁም፣ እየተቆረጠ የሚቀጠል፣ ጣቱ ከድምፁ ጋር እኩል የሚሄድ። ፍስሐ መጋረጃው ሥር ቆሞ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ነበር። ከዚያ ከፊት ወንበር አንዱ ሳለ። ቀጥሎ ያለው ሳለ። መነጽር ያደረጉት የክብር እንግዳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፣ በማሸታቸው ባሰባቸው። ቬንቲሌተሩ አቧራውን አንሥቶ እንደ እህል ይበትነዋል። ሕፃን አለቀሰ። መስኮት ላይ የነበሩት ወደ ውጭ ዘለሉ። ዳኞቹ መሐረብ በአፋቸው ይዘው ተነሡ፣ ሰው በበሩ እየተጋፋ ወጣ። ሴቶቹ አላዩም። ቀንጣሽ ዓይኑን ከዛላው አያነሣም፣ ሳልን ደግሞ መጋዘን ውስጥ ማን ይቆጥረዋል? ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አደረሱት። አስካለ ቀና ስትል አዳራሹ ባዶ ነው። ከኋላ የቀረነው እኛ የበርበሬ ተራ ተሸካሚዎች ብቻ ነበርን፣ እናጨበጭባለን።

«ሰዉ የት ሄደ?» አለች።

ፍስሐ እንባው በጉንጩ እየወረደ መጣ። «እትዬ አስካለ፣ ምን አደረጋችሁኝ? የወረዳው ሰው ውጭ እያስታወኩ ነው!»

«ምን በልተው?» አለች ዘይነባ፣ ከልቧ።

ውጤት አልተሰጣቸውም። እንኳን ውጤት፣ አዳራሹ እስኪታጠብ ድረስ ሌላው ውድድር ሁሉ ቆመ። ሸራውን ስንጠቀልል የአስካለ ደረት ያፏጫል። ያኔ ነው ከዳኞቹ አንዷ፣ ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ የባህል ቡድኑ ድምፅ አሠልጣኝ፣ ዓይናቸው እንደ ዛላ ቀልቶ ተመልሰው የገቡት። «ማናት አውጪዋ?» አሉ። አስካለ እጇን አነሣች። «ሰኞ ቢሯችን ነይ። ብቻሽን ነይ። በርበሬውን እባክሽ እዚሁ ተዪው።»

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ፣ በር ላይ አቆሙኝ። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ወለሉ ያበራል። ወይዘሮ በላይነሽ «በዪ» አሏት። አስካለ «ቀዩ ነው» አለችና ቆመች። ጠበቁ። እሷም ጠበቀች። «ቀጥዪ እንጂ» አሏት። «ተቀበሉኝ እንጂ» አለቻቸው። ለብቻዋ ዘፍና አታውቅም፤ በየቃሉ መሐል ትንፋሽ ትሰበስባለች እንጂ ሌላ ነገር አድርጋ አታውቅም። ወይዘሮዋ እየሳቁ ራሳቸው ተቀበሏት። ትንሽ ሄዱ። ከዚያ «አሁን ቃሉን ሳትቆርጪ ያዢልኝ፣ እኔ በቃ እስክልሽ» አሏት። ሳበች። የሳበችው ትንፋሽ ሳይወጣ ሳሉ መጣ፣ ተጎንብሳ ሳለች፣ ሳለች። ሲበርድላት ወይዘሮዋ ወንበር ሰጧት። «ይህ ድምፅ የሚጣል አይደለም» አሏት። «ከበርበሬው ሥራ ውጪና ክረምቱን ደረትሽን አሳርፊ፤ መስከረም ላይ ነይ። ቦታውን እይዝልሻለሁ። መስከረም ላይም እንዲህ ካሳለሽ ግን እኔ ምንም አላደርግልሽም።»

ቤት ስንደርስ «ተቀመጪ» አልኳት። «እኔ እሸከማለሁ።»

«ያንተ ብቻ ይበቃናል?»

«ተቀመጪ ብያለሁ።»

ተቀመጠች። እኔ የእሷንም ድርሻ ደርቤ የምሠራ ይመስል ከማለዳ ጀምሬ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ስገባ ፊቷ ፈክቶ «የጎረቤት ሽንኩርት ሸተተኝ!» አለችኝ። ስንት ዘመን ምንም ሸቷት አያውቅም ነበር። ሌላ ቀን ዝናቡ ሸተተኝ አለች፣ ሌላ ቀን ሳሙናው። እንደ ሕፃን ሁሉን ታሸታለች። ከዚያ አንድ ምሽት ገብቼ አጠገቧ ቁጭ ስል ሳል ያዛት። ውሃ ሰጠኋት፣ ባሰባት። እጇን ዘርግታ ገፋ አደረገችኝ፣ በኃይል አይደለም።

«አንተ ነህ» አለች። «አንተ ነህ የሸተትከኝ።»

ልብሴን ደጅ አውልቄ መግባት ጀመርኩ። ቦኖው ጋ ቆሜ እታጠባለሁ፣ በክረምት፣ በዚያ ብርድ። ፀጉሬን ተላጨሁ። ጎረቤት «ጋሽ ዘለቀ፣ እትዬ አስካለ አስወጡዎት እንዴ?» ሲሉኝ «ልብሴን ነው ያስወጣችው» እላለሁ። አልጠቀመም። በርበሬው ከቆዳ ሥር ገብቷል፣ ላቤ ራሱ በርበሬ ነው። ከጓዳው ጎን ቆርቆሮ ተክዬ እዚያ መተኛት ጀመርኩ። በግድግዳው በኩል ትንፋሿን እሰማለሁ፣ ማፏጨቱ በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ። «ሥራውን ቀይር» ትለኛለች በግድግዳው። «ወደ ስኳር ሂድ፣ ወደ ጨርቅ ሂድ።»

«የስኳር ተራ የራሱ ተሸካሚ አለው፣ ሌላ አያስገቡም።»

«ለምናቸው።»

«ለምኜ አላውቅም።»

አላውቅም ነበር፣ አሁንም አላውቅም። መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ ተራው ከጠፋ ሰው አይደለም፤ እኔ ከበርበሬ ተራ ብወጣ ማን ነኝ? እሷ ይህን አልተቀበለችኝም። እኔም አላስረዳኋትም።

መስከረም ላይ ሄደች። ወይዘሮ በላይነሽ በቃ እስኪሏት ድረስ ቃሉን ይዛ ቆየች፣ አላሳለችም። ተቀጠረች። የሰፈሩ ሰው መጥቶ እልል አለ፣ ዘይነባ ሐጂን ጎትታ አምጥታ አስጨፈረቻቸው። እኔም ነበርኩ፣ ደጅ ላይ። ደስ አለህ ወይ ብትሉኝ፣ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይዟት ይዞራል፣ አንዴ ሐዋሳ፣ አንዴ ደሴ፣ አንዴ ጅማ። ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ጫማዋ ቆዳ ሆኖ ትመለሳለች፤ ቤት በገባች ቁጥር ሳሉ ይመለስባታል። «ለጊዜው እህቴ ጋ ልሁን» አለችኝ። «ሁኚ» አልኳት። ዕቃዋን እንዳልሸከምላት ብላ ሌላ ተሸካሚ ጠራች። ለጊዜው ያለችው ይኸው እስከ ዛሬ ነው።

አንድ ጊዜ ያን የቀንጣሾቹን ዘፈን ቡድኑ በትልቁ ቴአትር ቤት ሊያቀርበው ሆነ። ትኬቱን ራሷ ይዛልኝ መጣች። በርበሬ ተራ ግን አልገባችም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ቆማ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ በሰው ጠራችኝ። እኔም ወዲህ ቆምኩ።

«እሁድ ነው። ትመጣለህ?» ብላ ጮኸች።

«እመጣለሁ» አልኳት።

ትኬቱን መንገዱን የሚሻገር ሰው አቀበለኝ።

እሁድ ጠዋት ቦኖው ላይ በልብስ ሳሙና ታጠብኩ፣ ቡናማውን ኮት ለበስኩ፣ በእግሬ ሄድኩ። ቴአትር ቤቱ በር ላይ የለበሰ ሰው፣ ሽቶ የተቀባ ሰው፣ ልጁን ያቀፈ ሰው ይገባል። አጠገቤ የቆመች ሴት ልጅ አፍንጫዋን ስታሽ አየኋት። ብርድ ይሁን እኔ ልሁን አላውቅም። ከሰልፉ ወጣሁ። ሁሉም ገብተው ሲያልቁ ዘበኛው አየኝ።

«አባት፣ ትኬት የለዎትም እንዴ?»

«አለኝ።»

ተቀብሎ አየው። «ታዲያ ይግቡ እንጂ! የፊት ወንበር ነው እኮ።»

«ከዚህም ይሰማል» አልኩት።

«እንደ ፍላጎትዎ» ብሎ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎ ተወልኝ። ደግ ልጅ ነው።

ከበሮ ተመታ። ከዚያ አስካለ «ቀዩ ነው» አለች፣ ያለ ነጠላ። ብዙ ሰው ሆነው ተቀበሏት፣ ክራር ያለበት፣ ዋሽንት ያለበት፣ ያማረ። ማንም አልሳለም። መጨረሻው ላይ መጋዘን ውስጥ ያልነበረ ነገር ጨምረውበት ኖሯል፤ ሌሎቹ ዝም አሉ፣ እሷ ብቻዋን «ቀኑስ» ብላ ድምፁን ሳትቆርጥ ያዘችው። ያዘችው፣ ያዘችው። እኔም በሩ ሥር ቆሜ ለካ ሳላውቀው ትንፋሼን አብሬ ይዣለሁ። ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። እንዳይሰማ ብዬ ደረጃውን ወርጄ ወደ መንገዱ ራቅ አልኩና ግንቡን ተደግፌ ሳልኩ። ሲበርድልኝ ጆሮዬን ጣልኩ። እሷ ገና አልጨረሰችም ነበር።